ሁለት ፉርጎ በአንድ ገመድ

ወንድሜ ቤሊሳርዮ ጀልባዋን ሸጣት።
የአባታችንን ቢጫ ጀልባ፣ ቀለሟ የተላጠውን፣
ሳይነግረኝ፣ ሳይጠይቀኝ፣ በማክሰኞ ጠዋት።

የሰማሁት ከዓሣ ሻጩ ነው፤ ሚዛኑን እያስተካከለ
«ደህና ዋጋ አወጣች» ብሎ፣ ወደ ሌላ ወሬ ቀጠለ።

እኔ ቫልፓራይሶ ውስጥ፣ ከወደቡ በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣
የቁም ሣጥን በምታክል ክፍል፣ ባሕርና ጉም ሳይ
የምውል ሴት ነኝ።
አንዳንዴ ውሻ ይሳፈራል፣ ሳይከፍል፣ እንደ ባለቤት፤
አንዳንዴ ጋዝ የተሸከመ ጎረምሳ፣ ላቡ የቸፈቸፈበት።
ሥራዬ ፉርጎ ማውጣት፣ ሥራዬ ፉርጎ ማውረድ፤
አንዱ ሽቅብ ሲሳብ፣ ሌላው ቁልቁል ሲሄድ፣
ሁለቱም የታሰሩ በአንድ የብረት ገመድ።

ያን ቀን ማንሻውን የጨበጠ እጄ ነጣ።
ከንፈሬ እንደተዘጋ፣
ሆዴ ውስጥ አንዲት ሴት ተነስታ ትቆጣ፦

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ሁልጊዜ!
መቼ ሰው አድርጎሽ ያውቃል?
አንቺም ጅል ነሽ፣ አንቺም በድን፣
ሂጂ፣ በሩን ደብድቢው፣ በልጆቹ ፊት አዋርጂው፣
ይቅመሳት አንድ ቀን!»

ክፉ ቃል ብቻውን አያድርም፤ ዘመድ አዝማዱን ይጠራል፤
ከጀልባዋ የተነሳ እሳት፣ ሠርጌ ድረስ ይዞራል።
ያረፈደበት ቅዳሜ፣ ያልመለሰው ብድር፣
እናታችን ስታጣጥር ስልኩን ያጠፋበት አዳር፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሰልፎ መጥቶ
ክፍሌን ሞላው፣ ለእኔ መቆሚያ ነስቶ።

ይሄኔ ነው ማንሻውን በጥፊ የመታሁት።
ፉርጎው ተንገጫገጨ፣ ቆመ፤
ከታች የሴት ድምፅ «ውይ!» ሲል ሰማሁት።

ዶኛ ኤርሜሊንዳ ነበረች፣ ዕንቁላል በቅርጫት ይዛ።
ልትሰድበኝ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ስጠብቅ
ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ጣቷ አስኳል እንደነካ
ትቆጥራለች፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ።
«ሦስት ተሰበረ» አለች ለራሷ።
«ዘጠኝ አለኝ።»

«አለቀልኝ» አላለችም።
«ድሮስ የእኔ ዕድል» አላለችም።
ሦስት።

ልክፈል አልኳት፤ የሁለቱን ብቻ ወሰደች፤
«አንዱ ከቤትም ሲወጣ ስንጥቅ ነበር» ብላ ሄደች።

ተመልሼ ማንሻውን ያዝኩ፤ አሁን በቀስታ።
ቁልቁል በሚወርደው ፉርጎ «ሁልጊዜ»ን ጫንኩት፤
ሽቅብ በመጣው በሌላው «ማክሰኞ»ን አገኘሁት።
«ናቀኝ» ወረደ፤ «አልጠየቀኝም» ወጣ፣
የሚጨበጥ፣ ዳርቻ ያለው፣ በልክ የተሰፋ ቁጣ።
«ጅል» የምትለኝን ሴት ግን ማውረዱ ከበደኝ፤
ስንት ዓመት አብራኝ ኖራ፣ ሌላ ማን ሊያናግረኝ?
«ዙኒልዳ» አልኳት፣ በስሜ፣ የጎረቤት ልጅ እንደሚጠራ፣
«ተናደሻል። ያናድዳል።
እጅሽን ግን አላላው፤ ሰው ተሳፍሯል።»

ይህን ስል ጀልባዋ አልተመለሰችም፤
ንዴቴም ውሃ ሆኖ አልፈሰሰም፤
ቁመቱ ብቻ አጠረ፣ ከጣሪያው በታች መቆም ቻለ።

ጉሙ ሲገለጥ ደወልኩ።
«ሳትጠይቀኝ ሸጥካት። ተናድጃለሁ» አልኩ።
የቀረውን ምላሴ ሥር አቆየሁት።
ማንኪያ ከሳህን ሲጋጭ ሰማሁት።
«እራት ላይ ነኝ» አለ ወንድሜ፤ «መልሼ እደውላለሁ።»

ኮረብታው መብራቱን አበራ፣ መርከቦቹም አበሩ።
የመጨረሻው ፉርጎ ገባ፤ ሞተሩን አጠፋሁ።
ስልኬ ዝም።

«ሁል…» ብላ ጀመረች ያቺ ሴት፣ ከውስጥ፤
ገመዱ ሲወጠር ተሰማኝ።

«ዛሬ» አልኳት። «ዛሬ አልደወለም።»

ክፍሏን ቆለፍኩና
በእግሬ ወረድኩ።